የጎደለው ግንዛቤ አይደለም፤ ውሃና የማይደረመስ ጉድጓድ ነው

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የልጆቻችን ዓይን ይታመማል። ክረምት በገባ ቁጥር ተቅማጥ አይለቃቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳይሰለቹ አስተምረውናል። ከአራት ዓመት በፊት ሁሉም ቤት ሽንት ቤት ቆፍሮ ነበር። አሁን ግማሹ ተደርምሷል፤ የቀረው የእንጨት ማስቀመጫ ሆኗል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሽንት ቤቱ ራሱ ዝንብ ያመጣል ይላል። ውሃ የምንቀዳው ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነው፤ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እድራችን ለጤና ብሎ ያስቀመጠው 120 ሺህ ብር አለ። በድምፅ ማጉያ ቅስቀሳ እናድርግ፣ ቲሸርት እናሳትም፣ ሽንት ቤት የሌለውን ከእድር እናስወጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም። ገንዘቡን በምን ላይ ብናውለው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ገንዘቡን በድምፅ ማጉያና በቲሸርት ላይ አታውሉት። አንድም ብር ቢሆን። ሽንት ቤት የሌለውን ከእድር ማስወጣት የሚለውንም ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የሚለውን እናንሳ። ይህ አባባል በየስብሰባው ስለሚደጋገም እውነት መስሏል። የእርስዎ ጥያቄ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ሁሉም ቤት ቆፍሮ ነበር ብለዋል። ነገሩ ያልገባው ሰው መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ሁለትና ሦስት ሜትር አይቆፍርም። ሕዝቡ ሰምቷል፣ ገብቶታል፣ ጉልበቱንም አፍስሷል። ከዚያ ክረምት መጣና ጉድጓዱን ወሰደው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ እየተመደበ ቤት ለቤት ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ እጅ መታጠብ ያለበት መቼ መቼ እንደሆነ የማይነግራችሁ ተማሪ አታገኙም። ያንኑ ትምህርት ጮክ አድርጎ መድገም ምን ይጨምራል?

በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ለጤና የሚበጀው ነገር ከባድ፣ ሩቅ ወይም ውድ ከሆነ ሰው ሁለት ሳምንት ያደርገውና ይተወዋል። ቅርብና ቀላል ሲሆን ማንም ሳይጎተጉተው ያደርገዋል። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ደንቡን፣ አሠራሩን፣ ሰው የሚኖርበትን አካባቢ መለወጥ ነው። ልማዱ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ጨው ያሳየናል። በደጋው አገር እንቅርት የወጣባቸው እናቶች ብዙ ነበሩ። ምክንያቱ ከምግብ የሚገኘው አዮዲን ማነሱ ነው። እናቶቹን ሰብስቦ ስለ አዮዲን ማስተማር ይቻል ነበር። ገበያ ላይ ያለው ጨው አዮዲን ከሌለው ግን ምን ያድርጉ? በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አካባቢ በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶው ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 89 ደረሰ። የአዮዲኑ መጠን ከከረጢት ከረጢት እኩል አለመሆኑ አሁንም ክትትል ይፈልጋል። ያም ሆኖ እነዋሪ ገበያ ጨው የምትገዛው እናት የለወጠችው ልማድ የለም። የተለወጠው ከአፋር የሚመጣላት ጨው ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። መረሬ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ባዶ የአፈር ግድግዳ በየዓመቱ እንዲህ እያበጠና እየተኮማተረ ስንት ጊዜ ይቆማል? ብዙው አንድ ክረምት፣ ቢበዛ ሁለት። በዚያ ላይ አፈሩ ውሃ ቶሎ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ በሐምሌና በነሐሴ እንደ ጋን ይሞላል። አንዲት እናት በሌሊት ልጇን ይዛ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አፍ ላይ አልቆምም ብትል ልክ ናት። ይህን እምቢታ እንደ ግንዛቤ ማነስ መቁጠራችን ያሳዝነኛል።

ይህን አፈር ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። የእነዋሪ ገበሬ ስንዴው ውሃ እንዳይበዛበት አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ሲሠራ፣ ትርፉን ውሃ በቦይ ሲያስወጣ የኖረ ነው። የግብርና ተመራማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ያጠኑት ዘዴ ነው። ያንኑ ጥበብ ለሽንት ቤቱ እናውለው ያለ ሰው ግን አልነበረም። «ቆፍሩ» ተባለ፤ ተቆፈረ።

በመረሬ ላይ የሚቆም ሽንት ቤት እንዲህ ይሠራል። ቦታው ከፍ ያለ ይሁን። ከምንጭም ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቁልቁለት ካለ ከውሃው በታች በኩል ይሁን። ጉድጓዱን ክብ አድርጉት። አራት ማዕዘን ሲሆን ግድግዳው መሐሉ ላይ ይጎብጥና ይወርዳል፤ ክብ ሲሆን ግን ግፊቱ ዙሪያውን ይከፋፈላል። በጥልቀት አትፎካከሩ። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። በክረምት ውሃው ቅርብ ከሆነ ጉድጓዱን አሳጥሩና አፉን በድንጋይ ከመሬት በላይ አንሱት።

ውስጡን ከታች ጀምሮ በድንጋይ ካቡት። የላይኛው ግማሽ ሜትር በሲሚንቶ ይያያዝ። ከዚያ በታች ድንጋዩ ብቻውን ይደራረብ፤ ፈሳሹ የሚሰርግበት ክፍተት ያስፈልገዋል። በካቡና በአፈሩ መካከል ጠጠር ሙሉበት። አፈሩ ሲያብጥ የጠጠሩ ክፍተት ግፊቱን ያለዝበዋል። በአፉ ዙሪያ አፈር ከምራችሁ ጠቅጥቁ፤ ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ አውጡ። የገላና የልብስ እጣቢ ወደ ጉድጓዱ አይግባ። መረሬ ውሃ ቶሎ ስለማይመጥ ቶሎ ይሞላባችኋል።

ወለሉም ነገር አለው። በጭቃ የተለሰነ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ሰውም ይፈራዋል። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ሰሌዳ መሐሉ ላይ ቢቀመጥ ግን መርገጫው አይበሰብስም፣ ለማጠብም ይመቻል። ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከአንድ በላይ ሰሌዳ ይወጣል። ቀዳዳው ሕፃን የሚያስፈራ ሰፊ አይሁን። ክዳን ይኑረው። በርና ማሰሪያም ይኑረው፤ ሴቶች በማታ የሚጠቀሙበት ያኔ ነው።

የውሃው ነገር ከዚህም ይከብዳል። ለገጠር የተቀመጠው የአገሪቱ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 150 ሊትር ይሆናል። በ20 ሊትር ጀሪካን ስናሰላው ሰባት ስምንት ጉዞ ነው። የእናንተ ደርሶ መልስ ከሰዓት በላይ ነው። እናትየዋ መለኪያውን ላሟላ ብትል ቀኑን ሙሉ ገደል ስትወጣና ስትወርድ መዋል አለባት። ስለዚህ ሁለት ጀሪካን ታመጣለች። ያ 40 ሊትር ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥ፣ ለጥጃው ይከፋፈላል። ለልጁ ፊት ምን ይተርፋል? ልጇን ትወዳለች፤ ሳሙናም ሊኖራት ይችላል። ውሃ ግን የላትም። ዓለም አቀፉ መለኪያ ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ አይብለጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። መንገዱ ሲረዝም የሚቀዳው ውሃ ያንሳል፤ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀረው መታጠቢያው ነው።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ የተሳተፍኩበትን ስህተት ልናገር። ከዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ በአንድ ትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ አሠራን። ሮቶ ተተከለ፣ ስድስት ቧንቧ ተገጠመ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሣለ። በምረቃው ቀን ልጆቹ ተሰልፈው ታጠቡ። በአራተኛው ወር ስመለስ ሮቶው ባዶ ነበር፤ ሁለት ቧንቧ ተነቅሏል። ሮቶውን ማን እንደሚሞላ አልጻፍንም። ቧንቧ ሲሰበር ማን፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚገዛ አልተነጋገርንም። ልጆቹ የተማሩትን አልረሱም ነበር፤ ስጠይቃቸው በደንብ መለሱልኝ። አሠራሩን ሳንሠራ የሄድነው እኛ ነን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዛሬ ማንኛውም ግንባታ ሲነሳ አስቀድሜ የምጠይቀው «በስድስተኛው ወር ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብዬ ነው።

ስለ ዝንቡ የሚወራው ግማሹ እውነት ነው። ክዳን የሌለው ሽንት ቤት ዝንብ ያፈራል። ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን በማዛወር የምትታወቀው ዝንብ ግን የምትራባው በዋናነት ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ከጉድጓድ የሚወጣው ዝንብ አብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። በጋምቢያ በተደረገ ጥናት፣ ሽንት ቤት በተሠራባቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ ጉድጓዱን ክደኑት እንጂ አትተዉት። የሕፃን ዓይነ ምድርም ምንም አይደለም ተብሎ ከአጥር ጀርባ አይጣል። በሽታ አምጪው በሕፃኑም ውስጥ አለ፤ ዝንቧም አትለይም።

አንድ ነገር ግን እንዳትጠብቁ። ሽንት ቤትና ውሃ ስለመጣ ብቻ ትራኮማ በዓመት በሁለት ዓመት ይጠፋል ማለት አይደለም። በዋግ ኽምራ በ40 አካባቢዎች ለሦስት ዓመት የተካሄደ ጥናት ነበር። በግማሾቹ ውሃ ተሠራ፣ ሳሙና ታደለ፣ ሽንት ቤት ተበረታታ። በልጆች ዓይን ላይ ያለው የትራኮማ ተሕዋስ ግን ካልተሠራባቸው አካባቢዎች በግልጽ አልቀነሰም። ይህን የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በየቤቱ ትንሽ ትንሽ መነካካት እንደማይበቃ፣ መድኃኒቱም ከጎኑ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የአዚትሮማይሲን እደላ ሲመጣ እረኛ ልጅ እንኳ አይቅር። ሽፋሽፍቱ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋው ሰው ካለ ቶሎ ለቀዶ ሕክምና ይላክ። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ነው፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ዓይኑም እየተፋቀ ይጎዳል።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ ግንባታ አይጠብቅም። ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ከጤና ኬላ ይሰጠው። ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። የመጠጥ ውሃ በክረምት ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ክሎሪን ይታከም።

አሁን ወደ እድሩ ልመለስ። ሽንት ቤት የሌለውን አስወጡ የሚለውን ለምን እንደምቃወም ልንገራችሁ። ስም ዝርዝሩን አውጥታችሁ እዩት። ጉድጓዷ የፈረሰባትና መልሳ መቆፈር ያቃታት ባልቴት አለች። የታመመ አለ፣ መሬት የሌለው ወጣት አለ። እድር ለሰው የመጨረሻ መጠጊያው ነው። ቀብሩን ከልክላችሁ ጤና ልታመጡ አትችሉም፤ ድህነትን ትቀጣላችሁ። ከዚህም ሌላ ማስፈራራት የሚያወጣው ሽንት ቤት ለቁጥጥር የሚቆም ጎጆ ነው። ሰው የማይገባበት፣ መንገድ የሌለው፣ ሣር የበቀለበት ጎጆ። እንዲህ ያለውን ብዙ አይቻለሁ።

ደንብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ዋናው መሣሪያችሁ እሱ ነው። ጎረቤታችሁን መንዝን ተመልከቱ። የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀው ኖረዋል። አባ ቄራ የሚባል የተመረጠ አለቃ ነበራቸው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ በተወሰነ ቀን ይከፈትና ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። በኋላ ግን ማኅበረሰቡ በኮሚቴ መልሶ አቆመው፤ ጓሳ ዛሬም አለ። ያ ደንብ የሠራው ቀኑ የታወቀ፣ ኃላፊው የታወቀ፣ ለባለ ጠጋውም ለድሃውም አንድ ስለነበረ ነው።

የእድራችሁም ደንብ እንዲሁ ይሁን። አባል ሁሉ በዓመት የተወሰነ ቀን በደቦ ድንጋይ ያመላልስ፣ የአቅመ ደካሞችን ጉድጓድ ይካብ። ቅጣት ካስፈለገ በደቦ ላልወጣ ጉልበተኛ ይሁን። አዲስ ጎጆ የሚወጣ ሙሽራ ቤት ሲሠራ ሽንት ቤቱ አብሮ እንዲሠራ ይወሰን፤ በዚያን ጊዜ ድንጋዩም ሰዉም እዚያው ስላለ ይቀላል። ለሠርግም ለተዝካርም ዳስ ሲጣል ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና መግቢያው ላይ ይቀመጥ። በርሜሉን እድሩ እንደ ድንኳኑና እንደ ድስቱ ንብረቱ አድርጎ ይግዛው። ሦስቱንም በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ፊት የኃላፊው ስም ይኑር።

በገንዘቡ ላይ ምክሬ ይህ ነው። ከገደል ሥር ያለ ምንጭ ሽቅብ አይፈስም፤ መግፊያ ይፈልጋል። በ120 ሺህ ብር ያን አትሞክሩ፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ሥራውም መሐል ላይ ይቀራል። ውሃ ማምጣት የወረዳውና የክልሉ ግዴታ ነው። እናንተ የምታደርጉት መጠየቅ ነው፤ ሲጠየቅ ደግሞ በቁጥር ይሁን። ስንት አባወራና እማወራ አለ? ከሦስት አራት ጎጥ ተነስታችሁ ደርሶ መልሱን በሰዓት ለኩት። የእድሩን መዋጮና ጉልበት አክላችሁ በማመልከቻ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ማመልከቻው ከመጋቢት ካለፈ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሊዘገይ ይችላል። ሲሠራላችሁ የውሃ ኮሚቴው ውስጥ የሚቀዱት ሴቶች ይግቡ። ወርሃዊ መዋጮም ከመጀመሪያው ቀን ይሰብሰብ።

ከእጃችሁ ካለው ገንዘብ ግማሹን ለሲሚንቶና ለግንበኛ አውሉት። መጀመሪያ ሦስት ሽንት ቤት ብቻ ሥሩ፤ አንዱ የባልቴት ቤት ይሁን። አንድ ክረምት አሳልፋችሁ ካያችሁ በኋላ ወደ ሌላው ሂዱ። ከቀሪው በከፊሉ በትምህርት ቤቱ ወይም በሰንበቴ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳና ሮቶ አስገጥሙ። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 500 ሊትር ያወርዳል፤ የሚባክነው ተቀንሶ 400 ያህሉ ይያዛል። ተቅማጥ የሚበረታው በክረምት ስለሆነ ውሃው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይገኛል። ለመታጠቢያ ይሁን፤ ለመጠጥ ሳይታከም አትጠቀሙበት። የበጋውን ችግር ግን አይፈታም፤ ማመልከቻው ለዚያ ነው። የመጨረሻውን ሩብ አትንኩት። ቧንቧ ይሰበራል፣ ሰሌዳ ይሰነጠቃል።

ቁፋሮው ጥር ላይ ይሁን። ውቂያው አልቋል፣ መረሬው ደርቋል፣ የበልጉ ዝናብ ገና ነው። ድንጋዩን ግን ከአሁኑ አስለቅሙ፤ ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው።